ስምንት ፊደል የሚይዝ ሣጥን

ጥቅምት 7

ሚጣ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን። ያ ጉልበትሽ የክሊኒኩን ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል? እኔ ደህና ነኝ፤ የደም ግፊቴ ግን አዲሱ አለቃ ሲገባ ይወጣል፣ ሲወጣ ይወርዳል። በስልክ ከማውራት መጻጻፍ ይሻለናል ያልሽው ልክ ነበር። ስልክ ላይ እጮሃለሁ። ወረቀት ላይ ስጮህ ቢያንስ በሥርዓተ ነጥብ ነው።

ያለፈውን ደብዳቤሽን በቀይ አርሜ መልሼልሻለሁ። ዘጠኝ ቦታ ላይ ሁለት ቃል አጣብቀሻል። «ወንድምጋሼ» አንድ ቃል አይደለም። ሰው ቁስል ሲያሽግ ፋሻውን እንደዚህ ቢያጣብቀው ከሥራ ይባረራል።

ስለ ሰማያዊ አልማዝ መጠየቅሽ ግን ገረመኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ሥራዬ «ድንጋይ ስታይ ትውላለህ» ከማለት አልፈሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ለባልደረባሽ ነው ብለሻል። ይሁን፤ ለባልደረባሽ ንገሪያት።

አልማዝ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከመሬት ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣው ግን ውስጡ ቦሮን የሚባል ነገር አለበት፤ ከሚሊዮን አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሰማያዊ ያደረገውም፣ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደረገውም እሱው ነው። ይህን ዓይነቱን እኛ «ሁለት ለ» እንለዋለን። ሌላው ሰማያዊ፣ ገበያ ላይ «የተነከረ» የሚሉት ነው፤ ልብስ ይመስል። ፈዛዛ አልማዝ ወስደው በጨረር ይመቱትና ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው ዓይን አይለያቸውም። የእኔም ዓይን አይለያቸውም። የመለኪያዋ መርፌ ናት የምትለያቸው።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ድንጋዩን በአልኮል አጥቤ፣ አድርቄ፣ በወረንጦ ይዤ የመዳብ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሳህኑ ላይ አንድ ሽቦ ታስሯል። የሌላውን ሽቦ ስል ጫፍ ድንጋዩ ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ ትንፋሼን እይዛለሁ። አትሳቂ። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ እርጥበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መርፌዋም ትዋሻለች። የጣት ወዝም እንደዚያው ነው። አንድ ቦታ ነክቼም አልፈርድም፤ እውነተኛው ሰማያዊ ራሱ አንዱ ጎኑ አስተላልፎ ሌላው ዝም ሊል ይችላል። ስድስት ቦታ እነካለሁ፤ ስድስቱንም እጽፋለሁ። ከዚያ በብርሃን መለኪያው ደግሜ አያለሁ። የሚያስተላልፍ ሁሉም ከመሬት ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚያሳድጉትም ላይ ቦሮን ይጨምሩበታል። አሁን ገባሽ ለምን ቤት ስገባ እንደሚደክመኝ?

በነሐሴ መጨረሻ አንድ መጣ፤ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ ከቀለበቱ የተፈታ። ወገቡ ላይ የሕፃን ጥፍር ቁራጭ የምትመስል ስባሪ አለችው። የማን እንደሆነ አላውቅም። እኛ ጋ የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ የእናቴም ቢሆን አላውቅም። ደስ የሚል ድንጋይ ነበር። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ መርፌዋን በልቤ «ተነሺ» አልኳት። ስድስት ቦታ ነካሁት። ንቅንቅ አላለችም። የተነከረ ነበር፤ ያውም ድሮ።

ስለ አለቃዬ ልንገርሽና ላብቃ። «ደንበኛ ዝርዝር አይፈልግም» ብሎ ባለ አንድ ገጽ ቅጽ አወጣ። ዝርዝሬ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ለሰው የሚሄደው ቅጹ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የውጤቱ ሣጥን ስምንት ፊደል ይይዛል። ስምንት! ክፍተቱንም እንደ ፊደል ይቆጥራል። ሁለት ቃል ስጽፍበት የመጨረሻዋን ፊደል ይውጥብኛል። ጸሐፊዋ «አጣብቀው ይጻፉት እንጂ ጋሼ፣ ማን ያያል?» አለችኝ። ማን ያያል! እኔ አያለሁ! ከማጣብቅ አንዱን ቃል ብጥለው ይሻለኛል፤ እንደዚያም አደርጋለሁ።

ለግርጌው ሰውዬ ሰላም በይልኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ግርጌ ለምን ባዶ ሆነ? ከተጋባችሁ ጀምሮ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት መስመር ሳይጭርበት አልፎ አያውቅም። የመጨረሻዋን አስቀምጫታለሁ፦ «አማቼ፣ እህትህ ሾርባው ላይ ጨው ዘላለች፤ በቀይ አርምልኝ።»

ወንድምሽ

ጥቅምት 24

ወንድም ጋሼ፣

ይኸው ለያየሁት። ደስ ይበልህ።

ጉልበቴ ቀጭ ማለቱን ትቶ አሁን ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እድገት ነው። ስምንት ገጽ ስለ አልማዝ ጽፈህልኛል፤ አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ በቅጡ አላነበብኩትም። ሰሞኑን ክሊኒኩ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቁስል ሳጥብ ውዬ ዓይኔ ፊደል አይይዝም። አስቀምጬዋለሁ።

የወርቅ ሱቃችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል ብሎ ለነገረህ ሰው፣ ልክ ነህ በለው። ወረቀቱ ስለ እድሳት ነው። ግድግዳው እርጥበት ስቦ ነበር። መቼ እንደሚከፈት አልታወቀም። የአጎታችን ልጅ ለሰው ወሬ ሁልጊዜ ፈጣን ነው፤ ለራሱ ሚስት ዜና ግን በወር አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስም።

የግርጌው ሰውዬ ያልጻፈው እጁ ታስሮ ነው። አትጨነቅ፤ እያየሁት ነው። ማክሰኞና ዓርብ አየዋለሁ።

እህትህ ሚጣ

ኅዳር 5

እህቴ፣

ማክሰኞና ዓርብ ማለትሽ ምንድን ነው? አብራችሁ አትኖሩም እንዴ? እጁን የሚታከመው ሆስፒታል ተኝቶ ነው ማለት ነው? ግልጽ ጻፊ።

አሁን ዓርብ ወደ ላክሽልኝ ብጣሽ ወረቀት። በቅድሚያ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ደብዳቤ አይጻፍም። ቀጥሎ፣ «የተለወጠ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው ብለሽ መጠየቅሽ ገርሞኛል፤ አማርኛ ነው። ግን ጥያቄ ነውና ልመልስ።

የእኛ መሥሪያ ቤት «የተለወጠ» ብሎ ከጻፈ ተለውጧል። «ይመስላል» የለም፤ «ሳይሆን አይቀርም» የለም። ድንጋዩ ድሮ የነበረው አይደለም፤ የሰው እጅ ገብቶበታል።

በስህተት ሊለወጥ አይችልም ወይ ላልሽው፦ አይችልም። በስህተት የሚለወጥ ድንጋይ የለም። ይህን የሚያደርግ ሰው ሥራውን የሚያውቅ፣ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ ለጥቅሙ ሲል የሚያደርግ ነው።

መርማሪው ተሳስቶ ቢሆንስ ላልሽው፦ ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን በዚህ መሥሪያ ቤት በሰማያዊ አልማዝ ላይ የሚፈርም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ነው። ስድስት ቦታ ነክቼ ነው የምጽፈው። ስድስት።

ባልደረባሽ እንዲህ ዓይነት ወረቀት እጇ ገብቶ ከሆነ አዝናለሁ። ያታለላት ሰው ቢምልላት አትመነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ በር አይከፈትለትም። ይህን ስታነቢላት ድምፅሽን አታለስልሺ።

ቁጣዬ በአንቺ አይደለም። በቃሉ ነው። ሰው ግልጽ ቃል ተሰጥቶት ለምን ሌላ ትርጉም ይፈልጋል?

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 2

ወንድም ጋሼ፣

መልስህ ግልጽ ነበር። አነበብኩት፤ አሰማሁትም።

አድራሻዬ ተቀይሯል። ከክሊኒኩ ጀርባ ነርሶች የሚያድሩበት አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። መስኮቱ የልብስ ማጠቢያውን ያያል፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሲሰጣና ሲወርድ አያለሁ።

እባክህ ስለ ግርጌው ሰውዬ አትጠይቀኝ።

ሚጣ

ታኅሣሥ 19

ሚጣዬ፣

ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ የለም። ይህኛው አራተኛው ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ እንደፈለግሽ አጣብቀሽ ጻፊ፣ ብቻ ጻፊ።

ቤትሽን ለቀሽ መውጣትሽ አልገባኝም። መታሽ? ሌላ ሴት ያዘ? አሥራ ስድስት ዓመት የማውቀው ሰውዬ ዝንብ አባሮ አያውቅም፤ የወርቅ ብናኝ ከወለል ላይ በላባ ሲጠርግ አይቼው «ወለሉን እሹሩሩ እያልክ ነው?» ብዬ የሳቅኩበት ሰው ነው። ግን ሰው አይታወቅም። አንዲት ቃል በይኝና በሚቀጥለው አውቶቡስ እመጣለሁ።

ስለ ደሞዝ ጭማሪዬ ጠይቀሽኝ ነበር፤ አልተጨመረልኝም። አለቃው ፊት ለፊት «ቅጽህ የደነዘዘ ነው» ብዬዋለሁ። ይህንንም ነገሬን ልትስቂበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ኅዳር ላይ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ቆጣ ያለ ነበር። ለዚያ ከሆነ ዝምታሽ፣ ይቅርታ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌልሽ እንደማውቅ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ

ጥር 14

እህቴ፣

በመጨረሻ ደብዳቤሽ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የከፈትኩት፤ ውስጡ ግን ሰላምታ የለም፣ ስለ ራስሽ አንድም ቃል የለም፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ጥር ላይ ሆነሽ ስለ ነሐሴ ድንጋይ ስባሪ ምን አስጠየቀሽ?

ግን ጠይቀሻልና መልሱ ይኸውልሽ። መዝገብ ቤት ወርጄ ዝርዝሬን አውጥቻለሁ። ስባሪዋ በስተግራ ናት፤ ከሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ስትሄጂ ከወገቡ አንድ ሦስተኛው ላይ። ከሥሯ ሁለት ጭረት አለ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ እንደ ደቂቃና ሰዓት ቆጣሪ። በወቅቱ የሳልኩትን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ልኬልሻለሁ።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። ለምን?

ወንድምሽ

ጥር 20

ወንድም ጋሼ፣

ሥዕልህን ከእሱ ሥዕል ጎን አስቀምጬ አየሁት። አንድ ናቸው። ስባሪዋ፣ ረጅሙ ጭረት፣ አጭሩ ጭረት። ሁለታችሁም ተሰጥኦ የላችሁም፤ ሁለታችሁም ግን ያያችሁትን ነው የምትስሉት።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ተቀመጥ።

በነሐሴ መጀመሪያ ባለ ፋርማሲዋ ሴትዮ የአባቷን ቀለበት ይዛ ሱቅ መጣች። ድንጋዩን የያዘው አንዱ የወርቅ ጥፍር ላልቶ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ድንጋዩን ደብተሩ ላይ ሳለው፤ እሷም ሥዕሉ ሥር ፈረመች። ድንጋዩን ፈትቶ ጥፍሩን ሲሠራ «እስከዚያው ላስመርምረው» አለች። እሱም አሽጎ ወደ እናንተ ላከላት። በመስከረም ወረቀቱ መጣ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ቃል አለ፦ «የተለወጠ»።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ ሱቅ ገባች። «የአባቴን ድንጋይ የት አደረስከው? በምንድን ነው የለወጥከው?» አለችው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ፖሊስ ሱቁን አሸገው። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ስለ እድሳት አይደለም። እጁ ታስሯል ያልኩህ ግን ውሸት አልነበረም፤ ከቀረው ሰውነቱ ጋር ነው የታሰረው። ማክሰኞና ዓርብ የመጠየቂያ ቀን ነው።

ለምን አልነገርኩህም? እሱ ከልክሎኝ ነው። «አማቼ ከሰማ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ይጮሃል፤ ዘመዱ መሆኔ ሲታወቅ ምርመራው ይሠረዛል፣ እሱም ከሥራው ይባረራል፤ ተዪው» አለኝ። ስለዚህ እንደ ሌላ ሰው አድርጌ ጠየቅኩህ። ያን ጊዜ «አልለወጥኩም» ብሎ ይምል ነበር። ሲቆይ ግን «ወንድምሽ ያለበት ቤት ዝም ብሎ አይጽፍም፤ ምናልባት መሳቢያ ውስጥ በስህተት ተለውጦብኝ ይሆን?» ማለት ጀመረ። ያን ነው በብጣሽ ወረቀት የጠየቅኩህ።

መልስህን ይዤ ሄድኩ። መጠየቂያው ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል፤ እጅ ከመስመሩ አያልፍም። አነበብኩለት። ድምፄን አላለሰለስኩም።

«ማን ነው የፈረመው?» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ።»

«ራሱ?»

«ራሱ። ስድስት ቦታ ነክቶ።»

ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «እሱ ካለ እንግዲህ ለውጬዋለሁ ማለት ነው። ግን እንዴት ነው የማላስታውሰው፣ ሚጣ?»

አላመንኩትም። የሚያስመስል መሰለኝ። «በስህተት የሚለወጥ ድንጋይ የለም» የሚለውን ደግሜ አነበብኩለትና ተነስቼ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ለመርማሪው፣ ያንተ ቢጤ ሳይሆን ለፖሊሱ፣ ለውጫለሁ ብሎ ፈረመ። ድንጋዩ የት ነው ሲሉት «አላውቅም» ይላል። ስለሚደብቅ ነው ብለው አሁንም ይዘውታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፖሊስ ደብተሮቹን መለሰልኝ። ሠላሳ አንድ ደብተር፣ ገመዱ ሳይፈታ። አንዱን ገልጬ ሥዕሉን አየሁ። የሕፃን ጥፍር ቁራጭ። ይህን ነገር የት ነው ያነበብኩት ብዬ የጥቅምቱን ደብዳቤህን አወጣሁ። ወደ አንተ የመጣው ድንጋይ ሴትዮዋ ያመጣችው ራሱ ከሆነ፣ ወንድም ጋሼ፣ ምንድን ነው የተለወጠው?

ሚጣ

ጥር 23

ሚጣ፣

ተቀምጬ ጀመርኩት። ቆሜ ጨረስኩት።

ቀለሙ። ቀለሙ ነው የተለወጠው። ድንጋዩ አይደለም። ያው ድንጋይ ነው፤ ማንም አልወሰደውም፣ ማንም በሌላ አልተካውም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ባልሽ ወርቅ ሳይነካ፣ ምናልባት ሳይወለድ፣ አንድ ቦታ በጨረር ሰማያዊ አድርገውታል። የሴትዮዋ አባት ሲገዛውም እንደዚያው ነበር። ለአንቺ ስጽፍ «የተነከረ» ያልኩሽ እሱን ነው። ሰነድ ላይ ግን የገበያ ቃል አይጻፍም፤ ሰነድ ላይ «ቀለሙ የተለወጠ» ነው የሚባለው። ሣጥኑ ጠበበና «ቀለሙ» ቀረች። ሠላሳ ዓመት «የተለወጠ» ስል የሰማኝ ሰው ሁሉ ስለ ቀለም እንደማወራ ያውቅ ነበር። ሁሉም የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ።

ደብዳቤዬን እንደገና አነበብኩት። የእርሳስ ግልባጭ እንደማስቀር ታውቂያለሽ። «የሰው እጅ ገብቶበታል።» «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።» «በር አይከፈትለትም።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ስለ ጨረር ነው የጻፍኩት። አንቺ ግን ስለ ባልሽ አነበብሽው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማነበው።

ሰውዬው ሳይሠራው አመነ። እኔ ስላልኩ። የማያስታውሰውን ነገር ፈረመ፣ እኔ ስድስት ቦታ ስለነካሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ አሁንም ልክ አይመስለኝም፤ ምኑ ላይ እንደሚታረም ግን አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገባሁ። «የእርማት ወረቀት ይውጣ» አልኩት።

«ምርመራው ተሳስቷል?»

«አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ምን ይታረማል?»

«ሰው ታስሯል!»

«እርማት የሚጠይቀው ደንበኛው ነው» አለኝ፤ ደንቡንም አሳየኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ጮህኩ። ጸሐፊዋ ውሃ አመጣችልኝ።

ዘመድ መሆኔንም በጽሑፍ አስታውቄያለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉ። ዝርዝሩን፣ ሥዕሌንና ማመልከቻዬን ለፍርድ ቤቱ ልኬያለሁ። ለምስክርነት እንዲጠሩኝም ጠይቄያለሁ። ደብተሩን ለችሎቱ ካልሆነ በቀር ከእጅሽ አታውጪ። ማክሰኞ ስትሄጂ ንገሪው። ምን ብለሽ እንደምትነግሪው አላውቅም። እኔ ቃል መስጠት ቢቀርብኝ ይሻላል።

ወንድምሽ

የካቲት 17

ሚጣ፣

ከችሎት ወጥቼ ለምን ሳላናግርሽ ሄድኩ ብለሻል። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። ቦርሳሽን ጉልበትሽ ላይ አቅፈሽ ነበር። ፊት አልነበረኝም፤ በኋላው በር ወጣሁ።

አዎ፣ ባለ ፋርማሲዋንም ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን አግኝቻታለሁ። መደርደሪያው መሃል ቆማ ሰማችኝ።

«አባቴ ያወረሰኝ ድሮም የውሸት ነበር ነው የሚሉኝ?»

«የውሸት አይደለም፣ እመቤት። አልማዝ ነው። ቀለሙ ነው የተለወጠው።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለው ለምን አልጻፉም?»

«ሣጥኑ ጠበበ።»

«ሣጥኑ» አለች። ክሱን አነሳለሁም አላነሳምም ሳትል ለሚቀጥለው ሰው የራስ ምታት መድኃኒት ሸጠች።

ውስጥ ምን እንደተባለ ጠይቀሻል። ሁለቱን ሥዕሎች ዳኛው እላይ በእላይ አድርገው ወደ መስኮቱ አቀኑና አዩ። ያ ጥሩ ነበር። ከዚያ «ሙሉውን ለምን አልጻፉም?» አሉኝ። «ቅጹ ከስምንት ፊደል በላይ ስለማይቀበል፣ ክቡር ዳኛ፤ ቦታ አልነበረም» አልኩ። ምዬ ነው የመሰከርኩት።

እሱን ከማዶ አየሁት። ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ስመሰክር እሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይቆጥር ነበር። ጨርሶ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። የታሰረበትን ወራት ነው መሰለኝ።

ውሳኔው ሲሰማ ወዲያው ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 9

ወንድም ጋሼ፣

ወጣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ፈቱት። ወረቀቱ «ወንጀል አልተፈጸመም» ይላል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ ሦስተኛ ጊዜ ራሱ አነበበው። «እርግጠኛ ናቸው?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። አስበው፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመነም። ሌሊት ተነስቶ መሳቢያዎቹን ይከፍታል። ባዶ መሳቢያ ውስጥ እጁን አስገብቶ ጥግ ጥጉን ይዳስሳል። «ምን ትፈልጋለህ?» ስለው «ምናልባት ድንጋዩ ካለ» ይለኛል።

ወደ ቤታችን ተመልሻለሁ። እሱ ሱቁ ውስጥ፣ ሥራ ጠረጴዛው ሥር ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። አልተጣላንም። ጨው አቀብዪኝ ይለኛል፣ አቀብለዋለሁ። «ማመን ነበረብኝ» ብዬ ልናገር ስጀምር እጁን ያነሳል፤ ጠረጴዛው መሃል ያ ነጭ መስመር ያለ ይመስል ከራሱ በኩል ይመልሰዋል። በተጋባን በአሥራ ስድስት ዓመታችን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀኝ፤ ይህንን። እኔ ግን ወረቀትህን አመንኩ።

ሴትዮዋ ቀለበቱን ልካለች፤ ድንጋዩን መልሶ እንዲሰካላት። ሌላ ሰው አልፈልግም ብላለች። ማፈሯ መሰለኝ። እሱ ሣጥኑን አልከፈተውም። ፈርጥ ለመያዝ እጁ መጽናት አለበት፤ አሁን የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

ከሥራ ስለመታገድህ ሰምቻለሁ፤ አዝናለሁ። ልምጣ ወይ ላልከው፣ ገና ነው። እኔ አይደለሁም የምከለክልህ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከበሩ ሆኖ ያየኝ ነበር። ጨርሼ፣ ወረቀቱን እንደ ድሮው ከታች ባዶ ትቼ ወደ እሱ ገፋሁለት። መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ እስክሪብቶውን ያዘ። አንዱን እጁን በሌላው ደግፎ ነው የጻፈው። ምን እንዳለህ አላየሁም፤ አላነበውም። እንደጻፈው አሽጌ እልከዋለሁ።

ሚጣ

አማቼ፣
ቀለሙየተለወጠ
ቆጠርኩት። ስምንት ነው።